ሞዴሉ አልፈርስ ሲል ምን እናስተምር?

ጥያቄው ከአንድ የፊዚክስ መምህር የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜያቸው 15 እና 16 ለሆኑ ተማሪዎቼ የመሬት መንቀጥቀጥን ስለሚቋቋም ሕንፃ ላስተምር ብዬ ከእንጨት ስንጥርና ከኮላ ማማ አሠራኋቸው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ነቀነቅናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ቆመው ቀሩ። ተጨበጨበ፣ ተደወለ፣ ወጣን። ምን እንደተማሩ ግን ለእኔም አልገባኝም። በጥቂት ክፍለ ጊዜና በርካሽ ዕቃ እንዴት ላሻሽለው? ሒሳቡስ እስከ ምን ድረስ ይግባ? ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ውስጥ ስለሚንጠለጠለው ትልቅ ኳስ ንገረን ብለውም አላስቀምጥ ብለውኛል።»

መምህር፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ጭብጨባውን አይቶ ትምህርቱ የተሳካ ይመስለዋል። እኔ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ፤ ትምህርት ቤቶች ሲጠሩኝም እሄዳለሁ። እርስዎ የገጠመዎት ነገር በየክፍሉ አለ።

አጭሩ መልሴ ይኸውልዎት። «መጨረሻ ድረስ የቆመ ያሸንፋል» የሚለውን ሕግ ይሰርዙት። በምትኩ እያንዳንዱ ቡድን ሞዴሉ ከመነቅነቁ በፊት የት እንደሚሰበርና ለምን እንደሚሰበር ይጻፍ። ነጥብ የሚያዘው በዚያ ግምት ላይ ይሁን። ሞዴሉ ተደርምሶ ግምቱ ልክ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ቆሞ ቀርቶ ተማሪው ለምን እንደቆመ ማስረዳት ካልቻለ ግን ግማሹን እንኳ አይስጡት።

ይህን የምለው ሙያው ራሱ እንዲህ ስለሚሠራ ነው። ተራ መኖሪያ ቤት ወይም ቢሮ ለኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሲነደፍ ጭረት እንዳይነካው ተብሎ አይደለም። ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ላይጠገንም ይችላል። ሰው ላይ ግን መውረድ የለበትም። ጉዳቱ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚመርጠው ነዳፊው ነው። ይህን ያልሰማ ተማሪ ነገሩ ሁሉ «ጠንካራ አድርጎ መሥራት» ይመስለዋል፤ ስንጥር በስንጥር ላይ እየደረበ ኮላ ያፈስበታል።

አሁን ማማዎቹ ለምን አልፈረሱም ወደሚለው እንምጣ። ተማሪዎቹ ጎበዝ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ሞዴሎቹ ቀላልና ትንንሽ መሆናቸው ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃውን ከጎን የሚገፋው ነገር የለም። መሬቱ ከሥሩ ይሄድበታል፤ የላዩ ክብደት ደግሞ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ዓምዶቹ በሁለቱ መሐል ይጨነቃሉ። ኃይሉ የሚመጣው ከራሱ ከሕንፃው መጠነ ቁስ ነው ማለት ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ክብደት የሌለው ማማ ላይ ኃይልም የለም።

ሁለተኛው ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ተማሪዎች በጣም ይወዱታል። አንድን ሕንፃ በርዝመት 100 ጊዜ ቢያሳንሱት ክብደቱ 1,000,000 ጊዜ ይቀንሳል፤ የዓምዶቹ ቁርጥ ስፋት (ጥንካሬያቸው የሚመጣው ከዚያ ነው) ግን 10,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ትንሹ ሞዴል ከክብደቱ አንጻር 100 እጥፍ በርትቶ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ትንሽና ደረቅ ማማ በተፈጥሮው በጣም በፍጥነት ነው የሚርገበገበው። የሰው እጅ ጠረጴዛ የሚነቀንቀው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ማማው ከጠረጴዛው ጋር እንዳለ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል እንጂ ራሱ አይወዛወዝም። ያጨበጨቡለት ማማ በእውነት አልተፈተነም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በየወለሉ ክብደት ይጫኑ። አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት ወይም ሮንዴላ ይሆናል። ክብደቱ ግን በደንብ ይታሰር፤ ካልታሰረ እየተንሸራተተ ያታልልዎታል። ዓምዶቹ ቀጠን ይበሉ፤ ኮላው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ይደረግ። ለመነቅነቂያው አንድ ጣውላ በክብ እርሳሶች ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኙን በላስቲክ ያስሩት። ስልክ ላይ የሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ) አፕ ይከፈትና በምቱ ይነቅንቁ። እንዲህ ካልሆነ አንዱን ሞዴል በርኅራኄ፣ ሌላውን በእልህ ነቅንቀው ያወዳድራሉ፤ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ለማየት አንደኛ ናቸው።

ከዚያ ወደ ትምህርቱ። ስለ ሕንፃ ከማውራትዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለመወዛወዝ ይስጡ። ሦስት የብረት መጋዝ ምላጭ ይፈልጉ፤ ጥርሳቸውን በፕላስተር ይሸፍኑ። በአንድ ጣውላ ላይ በተለያየ ቁመት አቁመው ያስሯቸውና ጫፋቸው ላይ እኩል ክብደት ያለው የሸክላ ጭቃ ይለጥፉ። ጣውላው በቀስታ ሲነቃነቅ ረጅሙ ብቻ ይናጣል። ፈጠን ሲል ረጅሙ ይረጋና መካከለኛው ይጀምራል። የበለጠ ሲፈጥን ተራው የአጭሩ ይሆናል። መሬቱ አንድ ነው፤ ሕንፃዎቹ ግን የሚሰሙት የየራሳቸውን ነው። ሬዞናንስ የሚባለውን ነገር፣ የመሬቱ ምት ከሕንፃው የራሱ ምት ጋር ሲገጥም ውዝዋዜው መጉላቱን፣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ዕቃ አላውቅም።

ሒሳቡ እዚህ ይግባ። የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ የሚወሰነው መጠነ ቁስ ለግትርነት (አልታጠፍም ለማለት አቅሙ) ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ጭቃውን አራት እጥፍ ቢያደርጉት ጊዜው ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። አሥር ውዝዋዜ ይቁጠሩ፣ በስልክ ሰዓት ይያዙ፣ ለአሥር ያካፍሉ። ልክ ሁለት እጥፍ አይመጣም። ምላጩ የራሱ ክብደት አለው፤ ጭቃው ደግሞ ዘንበል ባለ ቁጥር ምላጩን ወደ ታች ይጫነዋል። ይህን ሁለተኛውን ችላ አይበሉት። የዘመመ ሕንፃ በራሱ ክብደት ይበልጥ እየዘመመ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእውነተኛ ሕንፃ ደግሞ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሻካራ ግምት አለ። የፎቁን ቁጥር ለ10 ያካፍሉ፤ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ በግምት በ1 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል። ይህን ይዘው ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ይውሰዷቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) መስከረም 1985፣ መጠኑ 8.0 የሆነ መንቀጥቀጥ። የተነሳው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓስፊክ ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ግን የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ አልጋ ላይ ነው። ለስላሳው ሸክላ ከሩቅ የመጣውን ማዕበል ተቀብሎ በ2 ሰከንድ አካባቢ ምት አጎላው። ክፉኛ የተጎዱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሆኑ። አጫጭሮቹ ብዙዎቹ ተረፉ። 44 ፎቅ ያለው ቶሬ ላቲኖአሜሪካና የተባለው ሕንፃም ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ነቃ ያለ ተማሪ አያጡም። «10 ፎቅ 1 ሰከንድ ከሆነ፣ ምቱ ደግሞ 2 ሰከንድ ከሆነ፣ ለምን ተገናኙ?» ይላል። ካላለም እርስዎ ያንሱት። ለስላሳ አፈር ላይ የቆመ ሕንፃ መሠረቱም አብሮ ስለሚላላ ጊዜው ከግምቱ ይረዝማል። መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ ግትርነቱ ይቀንሳል፤ ጊዜው ይበልጥ ይረዝማል። እየተጎዳ በሄደ ቁጥር ወደ 2 ሰከንዱ እየተጠጋ ሄደ ማለት ነው። ቀመሩ ሰሌዳ ላይ አለ፤ ተማሪው ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኔ የሁሉም እምብርት ነው። ባለ አራት ወለል ሞዴል ይሥሩ። ወለሎቹ ካርቶን፣ ዓምዶቹ ስንጥር፣ በየወለሉ እኩል ክብደት። ከዚያ ከታችኛው በስተቀር ሁሉም ወለሎች ላይ የካርቶን ግድግዳ ይለጥፉ። ታችኛው በዓምድ ብቻ ይቁም፤ መኪና ማቆሚያ ወይም ሱቅ እንደሆነ ይቁጠሩት። ግምት ያስጽፉና ይነቅንቁ። ላዩ እንደ ሣጥን አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። መዛባቱ በሙሉ ታች ይሰበሰባል። ዓምዶቹ ከላይና ከታች ይሰበሩና ሦስቱ ወለሎች ምንም ሳይሆኑ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ።

ተማሪውን የሚያስገርመው ግድግዳ በመጨመር ሕንፃውን ማዳከም መቻሉ ነው። በጥር 1994 በኖርዝሪጅ፣ ካሊፎርኒያ፣ መጠኑ 6.7 በሆነው መንቀጥቀጥ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ታችኛው ወለሉ ተጨፍልቆ 16 ሰዎች ሞተዋል። «ለስላሳ ወለል» የሚባለው ይህ ነው። ሁልጊዜ ታች ነው ብለው እንዳይይዙ ግን ይጠንቀቁ። በ1995 በጃፓኗ ኮቤ ከተማ በደረሰው መንቀጥቀጥ የከተማው አስተዳደር አንዱ ሕንፃ የተጨፈለቀው ስድስተኛ ፎቁ ላይ ነበር። ግትርነት በድንገት የሚቀየርበት ቦታ ሁሉ አደገኛ ነው።

በዚያው ሞዴል ሌላም ያሳዩ። ግድግዳውን በአንድ ጎን ብቻ ይለጥፉት። ጣውላው ቀጥ ብሎ እየሄደ ሕንፃው ይጠማዘዛል። ግትሩ ጎን አልሄድም ሲል ሌላው ጎን ይዞረዋል፤ የሩቅ ማዕዘን ዓምዶች ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። ደረጃና ሊፍት አንድ ጥግ ላይ ሲታጎሩ የሚሆነው ይህ ነው።

አጭር ዓምድን ደግሞ እለምንዎታለሁ፣ አይዝለሉት። በሁለት ዓምዶች መሐል እስከ ግማሽ ቁመት ግድግዳ ተሠርቶ ከላይ ሙሉውን መስኮት ሲሆን ዓምዱ የሚታጠፍበት ነፃ ርዝመት ግማሽ ብቻ ይቀራል። ግትርነት ከቁመት ኩብ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ግማሽ ቁመት ማለት 8 እጥፍ ግትርነት ነው። ወለሉ እኩል ሲንቀሳቀስ ያ ዓምድ ከጎረቤቱ 8 እጥፍ ኃይል ይወስዳል። ይህን ያህል ደግሞ አልተዘጋጀም፤ በሰያፍ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ውጭ ይውጡና ሕንፃዎችን ይዩ። በረጅሙ መስኮት የተደረደረበት መማሪያ ክፍል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዝም ብሎ ማስፈራራት እንዳይሆን መፍትሔውንም ይንገሯቸው፦ በግድግዳውና በዓምዱ መሐል ክፍተት መተው፣ ክፍተቱንም በሚጨመቅ ነገር መሙላት።

ሦስት ማዕዘን ጠንካራ ነው የሚለውን እነሱም ያውቁታል፤ ጊዜ አያባክኑበት። ክር በሰያፍ ቢወጠር የሚሠራው ሲጎተት ብቻ ስለሆነ ሁለት ተሻግሮ መታሰር እንዳለበት ካሳዩ ይበቃል።

ሦስተኛው ነገር ሳይሰበሩ መጉበጥ ነው። ጠመኔና የወረቀት ክሊፕ ይስጧቸው። ጠመኔው ቀጭ ብሎ ይለያል፤ ምንም አያስጠነቅቅም። ክሊፑ ግን እየተጠማዘዘ፣ እየሞቀ፣ ብዙ ተንገላትቶ ነው የሚበጠሰው። ሙቀቱን በጣታቸው ይንኩት። የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ሲጠፋ በእጃቸው ያዙት ማለት ነው። ኮንክሪት ብቻውን ጠመኔ ነው። ፌሮ ሲገባበት መጉበጥ ይችላል፤ ግን ስታፋው፣ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት፣ ልክ ከሆነ ብቻ። ስታፋ ዓምዱ ከቢም (ወለሉን ከሚሸከመው አግዳሚ) ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት፤ ጫፉም በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ የላዩ ኮንክሪት ሲረግፍ ይከፈታል። ከዚያ ውስጡ ያለው ይፈሳል።

ይህን «ይፈሳል» ያልኩትን ማሳየት ይቻላል። ወረቀት ጠቅልለው በፕላስተር ያስሩና አሸዋ ይሙሉበት። ላዩ ላይ መጽሐፍ ይጫኑ፤ ይሸከማል። ፕላስተሩን አንድ በአንድ ይቁረጡ። አሸዋው ራሱ አልተለወጠም፤ የሚይዘውን ብቻ ነው ያጣው። ብዙ ተማሪ የስታፋን ሥራ የሚረዳው እዚህ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ሙከራ። የወረቀት ቀለበቶች ሰንሰለት ይሥሩ፤ አንዷን ቀለበት ብቻ ከለስላሳ ሽቦ ያድርጓት፤ ከወረቀቶቹ ትንሽ ደከም ትበል። ሰንሰለቱን ከሁለት ወገን ይሳቡ። ሽቦዋ ቀስ እያለች ትከፈታለች፤ ወረቀቶቹ ግን አይቀደዱም። ሽቦዋን ቢያወፍሯት ወረቀቱ በድንገት ይቀደዳል። ደካማ ሆና የተመረጠች አንዲት ቦታ ሌላውን ሁሉ ትጠብቃለች። መሐንዲሶቹ ሮበርት ፓርክና ቶማስ ፓውሌ በኒውዚላንድ በ1970ዎቹ ያዳበሩት የንድፍ ዘዴ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በሕንፃ ላይ ሲተረጎም ቢሙ ከዓምዱ ቀድሞ ይጎብጥ ማለት ነው። ቢም ቢጎዳ አንድ ወለል ይሰነጠቃል። ዓምድ ቢሄድ ላዩ ያለው ሁሉ ይከተላል። «ሁሉንም አጠንክሩት» የሚለው ምክር ለምን ከንቱ እንደሆነ አሁን ራሳቸው ይነግሩዎታል።

ኳሱን እንግዲህ። ታይፔ 101 በተባለው የታይዋን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ውስጥ ያለው 660 ቶን ይመዝናል፤ ከ92ኛው ፎቅ ተንጠልጥሎ እስከ 87ኛው ይወርዳል። ያምራል፣ ቪዲዮውም ይማርካል። ዋና ሥራው ግን ነፋስ ነው፤ 508 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በአውሎ ነፋስ እየተወዛወዘ ሰው እንዳያቅለሸልሽ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ጥቂት ሊያግዝ ይችላል፤ ሕንፃውን አቁሞ የሚያቆየው ግን እሱ አይደለም። አሥር ደቂቃ ይስጡትና ይለፉት። መጀመሪያ ላይ ካሳዩዋቸው ቀሪውን ትምህርት ይሰርቅብዎታል።

ሕንፃውን ከመሬት የሚለየው ዘዴ፣ ቤዝ አይሶሌሽን፣ ግን ጊዜ ይገባዋል። ሁለት ትሪ፣ መሐላቸው ብይ፣ ከላይ ሞዴል። ጣውላው ሲነቃነቅ ሞዴሉ ዝም ይላል። ተማሪዎች «ታዲያ ለምን ሁሉም ሕንፃ እንዲህ አይሠራም?» ሲሉ ጣውላውን ትንሽ ያዘንብሉት። ሞዴሉ ተንሸራትቶ ይሄዳል። መልሶ የሚያመጣው ነገር ያስፈልጋል፤ የሚያበርደው ነገርም ያስፈልጋል። ቢል ሮቢንሰን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው በ1970ዎቹ ሁለቱን አገናኘ፤ ጎማና ብረት የተነባበረበት ትራስ፣ መሐሉ የእርሳስ ብረት። ጎማው ይመልሳል፤ እርሳሱ ቅርጹ እየተለወጠ ጉልበት ይበላል። የሕንፃው ጊዜ ወደ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይረዝማል።

እዚህ ላይ አቁመው ይጠይቋቸው፦ ይህን ሕንፃ ሜክሲኮ ሲቲ ሐይቅ አልጋ ላይ ብታስቀምጡትስ? ክፍሉ ዝም ካለ ችግር የለም፣ ይጠብቁ። አንዱ ምላጮቹን ያስታውሳል።

ውይይት ከፈለጉ 2010ን ይውሰዱ። በጥር ሄይቲ ላይ 7.0፣ በየካቲት ቺሊ ላይ 8.8። በመጠን 1.8 ልዩነት በጉልበት 500 እጥፍ ያህል ነው። በቺሊ የሞቱት 500 ገደማ ናቸው፤ በሄይቲ ግምቶቹ በጣም ቢለያዩም ብዙዎቹ ከ100,000 በላይ ናቸው። የግንባታ ደንብና ቁጥጥር ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ግን ልክ እንዲሆን ይህንንም ይጨምሩ፦ የሄይቲው ከዋና ከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የራቀው። ተማሪው አንድ ቁጥር ይዞ እንዳይሮጥ ነው።

ለትልልቆቹ ተማሪዎች ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። በየካቲት 2011 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በደረሰው መንቀጥቀጥ 185 ሰዎች ሞቱ፤ 115ቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። ሌሎች ብዙ ዘመናዊ ሕንፃዎች ሰው አላጠፉም፤ በኋላ ግን ሊጠገኑ ስላልቻሉ እንዲፈርሱ ተደረገ። ደንቡ የጠየቀውን አድርገዋል። ይበቃል ወይ? ተጨማሪውን ወጪ ማን ይክፈል? እኔ መልስ አለኝ፤ ግን እነሱ ይከራከሩበት።

መንቀጥቀጥ ያየ ወይም ሰው ያጣ ልጅ ክፍልዎ ውስጥ ካለ አስቀድመው ያናግሩት። የሚፈርስ ነገር እየጠበቁ መሳቅ ለሁሉም ጨዋታ አይደለም። ክብደት ስለሚወድቅም መነጽር ያድርጉ፤ ጣት ከሥር አይግባ።

ያለዎት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ምላጩንም ሰንሰለቱንም ይተዉት። ታችኛው ወለሉ ባዶ የሆነውን ሞዴል ብቻ ይሥሩ። ግምት ያስጽፉ፤ ሲነቃነቅ በስልክ በዝግታ ይቅረጹት፤ የትኛው ዓምድ ቀድሞ እንደሄደ መልሰው ይዩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡድን አራት ስንጥር ብቻ ሰጥተው ተመሳሳዩን ሞዴል እንዲጠግኑ ያድርጉ። የተጠገነውንም ከአዲስ ግምት ጋር ይነቅንቁት።